የግሳት ኮሚቴ

ያን ዓመት የመጋቢት ፀሐይ ባሕር ዳርን ብቻ መርጣ የወረደችባት ይመስል ነበር። የዕድራችን ሊቀ መንበር የጂኦግራፊ መምህርት መሆኔን ስለሚያውቁ፣ «ከስብሰባው በኋላ ሙቀቱ ለምን እንደባሰ ለሰው አስረጅልን» አሉኝ። እኔም አስረዳሁ። መኪናና ፋብሪካ የሚተፋው ጭስ ምድርን እንደ ወፍራም ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቷን እንዳታወጣ እንደሚያፍናት፣ ደን ሲጨፈጨፍም ነገሩ እንደሚብስ ተናገርሁ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። «የላም ግሳትም አንዱ ምክንያት ነው» አልሁ።

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ አንድ ሽማግሌ ዞረ። በሰፈራችን ላም ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። የቅኔ መምህር ስለነበሩ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን፤ እኔ ደግሞ በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የዚያችን ላም ወተት ስጠጣ ሁለት ዓመቴ ነው።

«ለካ ሙቀቱ የሚነሣው ከየኔታ ግቢ ነው!» አሉ ሀጂ። ሀጂ እህል ነጋዴ ናቸው፤ የጭነት መኪና አላቸው። ስለ መኪና ጭስ ሳወራ አቀርቅረው የነበሩት ሰውዬ አሁን ፊታቸው በራ።

የኔታ ሳይቆጡ፣ «ላሜ ከተከሰሰች በሌለችበት አይፈረድባትም። መጥታችሁ እዩዋት» አሉ። ሀጂ፣ የዕድሩ ጸሐፊና እኔ ተመረጥን።

ቅዳሜ ጠዋት በበረቱ ፊት በርጩማ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ «ግሳት» የሚል ርእስ ጻፈና አሰመረበት። ላሟ ታመሰኳለች። እኛ እናያታለን፤ እሷም ታየናለች። አንድ ጊዜ አንገቷን ስታረዝም ሀጂ፣ «ያውና!» ብለው ብድግ አሉ።

«ማዛጋት ነው» አሉ የኔታ።

ጸሐፊው ጨነቀው። «ማዛጋት ይመዘገባል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ይህን አልተማርሁም።

አንድ ሰዓት ያህል እንደተቀመጥን የኔታ ጆሯቸውን ወደ በሩ ጣል አድርገው፣ «ሀጂ፣ ያ ውጭ የሚያጓራው ደግሞ የማን ላም ነው?» አሉ።

የሀጂ መኪና ነበር። ከመጣን ጀምሮ ሞተሩ አልጠፋም፤ ጥቁር ጭሱ ጎረቤት ያሰጣችውን ነጠላ ያጥናል።

«ሞተሪኖው ተበላሽቷል» አሉ ሀጂ ድምፃቸው እየቀነሰ። «ካጠፋሁት ሰው ገፍቶ ካላስነሣው አይነሣም። ስለዚህ ጠዋት ከተነሣ እስኪመሽ አላጠፋውም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከጥምቀት።»

ጸሐፊው ሳይታዘዝ ጻፈው።

ሀጂ እፍረት ይዟቸው ወጡና ሞተሩን አጠፉ። ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ ከሐይቁ በኩል የወፎች ድምፅ ተሰማ። ግን መኪናው የግቢውን በር ዘግቶ ስለቆመ መነሣት ነበረበት። የኔታ ጥምጥማቸውን አጠበቁ፣ እኔ ቀሚሴን ሰበሰብሁ፣ ጸሐፊው ደብተሩን በጥርሱ ነከሰ፤ ገፋን። ሞተሩ ሲነሣ ሀጂ ከደስታቸው ብዛት ጡሩምባ ነፉ፤ ጭሱን እኛ ጠጣነው።

ስንመለስ ላሟ በተከፈተው በር ወጥታ፣ ዕድሩ ክረምት ላይ የተከላቸውን ችግኞች ተራ በተራ ስትግጥ አገኘናት።

«በል ይሄንንም ጻፈው» አሉ የኔታ አዝነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሀጂ ጥፋታቸውን አምነዋል፤ ላሜም እጅ ከፍንጅ ተይዛለች። አንቺስ ልጄ? በርሽ ሥር የቆመው አንድ ማዳበሪያ ከሰል ዱሮ ዛፍ አልነበረም?»

ስለ ደን ለሁለት መቶ ተማሪ የማስተምር ሴት፣ ከሰል መግዛቴን ከትምህርቱ ጋር አንድም ቀን አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

ሀጂ ሞተሪኖውን በሳምንቱ አሠሩ። ለቅርብ መንገድ ብስክሌት ገዙ፤ ጀለቢያቸውን በልብስ መቆንጠጫ ይዘው በሐይቁ ዳር ሲያልፉ ሰው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል። ችግኞቹን እንደገና ተክለን አጠርናቸው። የላሟን ግሳት ማስቆም ባንችልም እበቷን መጠቀም እንችላለን ብዬ ባለሙያ ፈለግሁ፤ በየኔታ ግቢም የባዮጋዝ ጉድጓድ ተቆፈረ። የአንድ ላም እበት አይበቃም ስለተባለ የጋሪ ነጂዎች የፈረስ ፋንድያ ይጨምሩልን ጀመር።

እሳቱ መጀመሪያ የነደደው ረቡዕ ቀን ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮ ጣድሁ። የኔታ ሰማያዊውን ነበልባል ትክ ብለው አዩት።

«ይህ እሳት ከላም ነው የመጣው።»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ወተቷ ያስገድፋል። ሥጋዋ ያስገድፋል። እሳቷስ?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ክፍላቸው ገብተው መጻሕፍታቸውን ያገላብጡ ጀመር። እኔም ሳይፈቀድልኝ መብላት ከበደኝና ሽሮውን አውርጄ ጠበቅሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው ብቅ አሉ።

«መነኮሳቱ ከጥንት ጀምሮ በኩበት ንፍሮ ሲቀቅሉ ኖረዋል» አሉ። «ኩበቱ ካላስገደፈ ትንፋሹም አያስገድፍም።»

ሽሮው ቀዝቅዞ ነበርና እንደገና ጣድሁት።