ደሜ ምን አለ?

የአክስቴ አርባ ትናንት ወጣ። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ በተገናኘን ቁጥር «ደሜ ምን አለ?» ይሉኝ ነበር።

የምሠራበት ላቦራቶሪ ካንሰርን በደም ውስጥ ባለ ፕሮቲን የሚጠቁም ምርመራ እየሞከረ ነው። ለማነጻጸሪያ የጤነኞች ደም ስንፈልግ እሳቸውም ሰጡን፤ ናሙናቸው ላይ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩበት። የፕሮቲኑ መጠን ከፍ ብሎ ሲወጣ እሳቸውን ሳይሆን ምርመራውን ጠረጠርን።

«ገና አፉን አልፈታም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አንተም ዘግይተህ ነው የፈታኸው፤ እጠብቃለሁ» አሉኝ።

ካንሰር እንዳለባቸው ሲታወቅ ጉበታቸው ድረስ ተሰራጭቶ ነበር።

ዛሬ በተሻሻለው ምርመራ ያንኑ ናሙና ደግሜ ለካሁት። ያው ቁጥር ወጣ። ወደ ቤቴ ስመለስ ፌርማታው ላይ ወረድኩ፤ የጠየቀኝ የለም።