የተቆላው የአበባ ዘር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ ሳይሰማው ሞተ። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ አልፌያለሁ። አሁን ግን ጽፌዋለሁ፤ እናንተ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ሞጣ እኖር ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ደምሴ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ነበሩ። ደምሴ ተማሪ ሳለ የእርሻ መምህሩ የሰጡትን የአበባ ዘር ደጃቸው ላይ ዘራው። ከሱፉ በቀር የአንዱንም ስም አናውቅም፤ «ቀዩ»፣ «ወይን ጠጁ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ለዘመን መለወጫ የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ አበባ የሚለምነው ከሳቸው ደጅ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ደምሴና ታናሽ ወንድሜ አበጀ ባንድ ቀን፣ ባንድ መኪና ተጭነው ሄዱ። እትዬ ጥሩነሽና እኔ መንገድ ዳር ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ የደምሴ ደብዳቤ መጣ፤ የአበጀ አልመጣም። ሁለተኛም መጣ፤ የአበጀ አልመጣም። እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ፣ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የተማርኩት እኔ ነበርኩ የማነብላቸው። የሳቸው ልጅ «እንደምን አለሽ እናቴ» የሚለው በኔ አፍ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን ይስሙትና፣ «አይዞሽ ብርቄ፣ የአበጀም ይመጣል» ይሉኛል። ይህ ማጽናናታቸው ያቃጥለኝ ነበር። ቅናት ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም።

ደምሴ በመጨረሻው ደብዳቤው እንዲህ ብሎ ነበር፦ «አበቦቼን አደራ። በቅለው ካየሽ ልጄ ደህና ነው ብለሽ ተጽናኚ።» ይህን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አላወቅኩም እንዳልል ነው የምነግራችሁ።

ኅዳር ላይ እትዬ ጥሩነሽ የደረቀውን አበባ እየቀጠፉ በመዳፋቸው አሹት፤ ገለባውን እፍ ብለው፣ ዘሩን ሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ አደረቁት። ነቀዝ እንዳይገባው አመድ ነስንሰውበት እያንዳንዱን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቋጠሩት፤ ቀዩን በቀይ ክር፣ ቢጫውን በቢጫ ክር። ቢቸና ያለች እኅታቸው ታማ ሊያስታምሟት ሲሄዱም ቋጠሮዎቹን እኔ እጅ ላይ አኖሯቸው። «ባዶ ቤት አይጥ ይበላብኛል፤ አንቺ ዘንድ ይሁኑ» አሉኝ።

ጥር ላይ አንድ የሰፈራችን ልጅ ቆስሎ ከጦር ሜዳ ተመለሰ። ደምሴን በጤናው አይቶታል። «አበጀን ግን አላየሁትም፤ አብረውት የነበሩት አልተመለሱም» አለኝ።

ያን ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቆሎ የምቆላበትን ብረት ምጣድ ጣድኩ። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ዘሩን ቆላሁት። እንዳያርር በለስላሳ እሳት ቆላሁት። የሱፉ ሽታ ቤቱን ሲሞላው አወጣሁት፣ አቀዘቀዝኩት፣ አመድ መልሼ ነሰነስኩበት፣ ቀዩን በቀይ ክር፣ ቢጫውን በቢጫ ክር አሰርኩት። ማን አዘዘኝ? ማንም። እኔ ቆላሁት።

እትዬ ጥሩነሽ ግንቦት ላይ ተመለሱ፤ ሰኔ ላይ ዘሩ። ሐምሌ ገባ፤ አረም ብቻ በቀለ። አንድ ጧት ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው።

«ብርቄ፣ አመዱን ትኩስ አድርጌው ይሆን እንዴ?»

«ዝናቡ በዝቶ ይሆናል» አልኳቸው።

ያኔ መናገር እችል ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ከደምሴም ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። ነሐሴ ላይ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው እርም አወጡ። ሰፈሩ «መርዶ ሳይመጣ እንዴት ይለቀሳል?» ብሎ ቢቆጣቸው፣ «ምድር ነግራኛለች» አሉ። እኔም ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጬ አለቀስኩ። እንባው የእውነት ነበር፤ ይህ የበለጠ ያሳፍረኛል።

ቤታቸውን ለዘመድ ሰጥተው መርጡለ ማርያም ገቡ፤ ቆብ ጫኑ። ሦስት ዓመት ኖረው እዚያው አረፉ።

ደርግ ሲወድቅ ደምሴ መጣ። ተማርኮ ኖሯል፤ ደብዳቤ መላክ ያልቻለው ለዚያ ነው። የእናቱን መቃብር ተሳልሞ ሲመለስ እኔ ቤት ገባ፤ ያቀረብኩለትን ውኃ ሳይነካ ጠየቀኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ ለእናቴ መርዶ የነገራት ማነው?»

«ማንም» አልኩት።

መርዶ ነጋሪዋ ግን እኔ ነበርኩ።

አበጀ አልተመለሰም። ደምሴ ዛሬ ቢቸና ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ይኖራል። በየፋሲካው ስኳር ይዞ ይጠይቀኛል። «እናቴን ያጽናኑልኝ እርስዎ ነዎት» ይለኛል። እኔም ስኳሩን እቀበላለሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሁለት ልጅ ወልጄ ነበር። ሐዘን አሳበደኝ አልልም፤ ያበደ ሰው ክሩን ከቀለሙ ጋር አያስተያይም። ይህን ወረቀት ዘንድሮ ሲመጣ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደጄን ባይረግጥ አልፈርድበትም። ይቅር በለኝ ብዬ ግን አልጽፍበትም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እሳቸውን ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ መርጡለ ማርያም ነበሩ፤ መንገዱም አይጠፋኝም ነበር። አልሄድኩም።