የማዳመጫው ዝምታ

ወንድሜ ባሕር ዳር ሆዱን ኦፕራሲዮን በሆነ ዕለት፣ እናቴ ከቁሐር ሚካኤል ጭቃውን ሰንጥቃ ወረታ መጣች። ስልክ የምጠግንበት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ "የልጄን ድምጥ ካልሰማሁ አልነሣም" አለች።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ሞቷል፤ ላፕቶፑን ደግሞ ባትሪው እንዳያልቅ ክዳኑን ከድኜ አስተኝቼዋለሁ። ከቀትር በኋላ መብራቱ መጣ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩት፣ ኢንተርኔቱም ተመለሰ። ወዲያው የወንድሜ ሚስት በቪዲዮ ደወለች። የላፕቶፑ የራሱ ድምፅ ማጉያ ከተቃጠለ ቆይቷል። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካውን ማዳመጫ እናቴ ጆሮ ላይ አደረግኩላት።

"አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ምንም አይሰማኝም" አለች።

በሽታውን አውቀዋለሁ። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የጫንኩበት ይህ ላፕቶፕ ተኝቶ ሲነሣ ማዳመጫውን ይረሳዋል። ሌላ ጊዜ እየተሳደብኩ አጥፍቼ አበራው ነበር። ያን ዕለት ግን ካጠፋሁት ጥሪው ይቋረጣል፤ ምስሉ ከፊቷ ድንገት ቢጠፋ እናቴ ምን እንደምታስብ አላጣሁትም።

ነቅዬ ሰካሁት። ወደ ሌላው ቀዳዳ አዛወርኩት። የድምፅ መውጫዎቹን ዝርዝር ስፈትሽ ያ የተቃጠለ ማጉያ ብቻውን ተጎልቶ አገኘሁት። "ድምፅ የለም፣ ጻፊልኝ" ብዬ እንዳልልክ የወንድሜ ሚስት ፊደል አልቆጠረችም። እሷ እቴ፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

እናቴ አየቻት። "ልጄ ሞቷል። ትደብቁኛላችሁ።"

"ምን እንደብቃለን እማየ? ማዳመጫው ነው!"

"መርዶ መቼ ሰበብ አጥቶ ያውቃል?"

እውነቷን ነው። በኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። "ትንሽ አሞታል" ይባላል፤ የሚያውቀው ሰው ሁሉ በባለመርዶው ፊት ሥራ ይበዛበታል፣ ዓይን ይሸሻል። እኔም ዓይኗን እየሸሸሁ ገመድ እነቅላለሁ፣ ገመድ እሰካለሁ። እያየኋት ነጠላዋን ለኀዘን አዘቀዘቀችው። የባሰው ደግሞ እኔም ማመን ጀመርኩ፤ ያቺ ሴት ፊቷን ለምን ጠረገች?

ጥሪው ሳይቋረጥ ድምፁን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም ብቻ አጥፍቶ የሚያስነሣ ትእዛዝ ጻፍኩ። ፊደል ሳትኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ደገምኩት። ማዳመጫው ከዝርዝሩ ውስጥ ብቅ አለ፤ መረጥኩት።

እናቴ ክው አለች። ድምፁ የሚሰማው ለሷ ብቻ ነው። እኔ የማየው የወንድሜን ሚስት ነው፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አልሰማም።

"ምን አለች? እማየ፣ ምን አለችሽ?"

በእጇ ዝም አሰኘችኝ። እንባዋ ወረደ። እሪታዋን ጠበቅኩ።

ቀስ ብላ ነጠላዋን አቃናች። ማዳመጫውን አውልቃ እኔ ጆሮ ላይ አደረገችው።

"እንካ ወንድምህን ስማው፤ ውኃ ስጡኝ እያለ ይነጫነጫል" አለችኝ። "አንተስ ከኔ ቀድመህ ቀብረኸው ነበር አይዶል?"