ልብስ ሰፊው የጠበቀው ጥፊ

መንደሩ «መቀስ» የሚለው ልብስ ሰፊ እግዜርን ካኮረፈ ሰነባብቷል። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ እግዜር እሱን አለማኩረፉ ነው።

ደንበኛ ሦስት ሜትር ጨርቅ ሲያመጣለት በሁለት ተኩል ይጨርስና ግማሿን ሜትር ስፌት መኪናው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ይሰገስጋታል። «አለቀ፤ እንዲያውም በመከራ ነው የበቃኝ» ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ «ዛሬስ አይለቀኝም» እያለ የእግዜርን ጥፊ ይጠብቃል። ምን ጥፊ አለ! መርፌ አይወጋው፣ መኪናው አይሰበር፣ ደንበኛው እንደ ጉድ ይጎርፋል። ወር ሙሉ ተኝታ የነበረችው ልጁ እንኳ ድና ተነሣች።

«አንዴ ቢያቀምሰኝ እኮ እተወው ነበር!» እያለ ሚስቱን ያደርቃታል።

«ምታኝ ብሎ የሚለምን አንተን አየሁ» ትለዋለች።

ዛሬ ጠዋት አሮጊቷ ጎረቤቱ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጡ። ለክተው ዞር ዞር አሉና መረቁት።

«የተረፈ ጨርቅ ካለ ለልጅህ ስፋላት። ስትታመም ስጸልይላት ነበር። እንኳን ማረልህ!»

«አለቀ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉን ትቶ ጎንበስ አለና ካርቶኑን ጎተተ። የእሳቸው ጨርቅ እኮ ትናንት ነው ካርቶኑ ውስጥ የገባው።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ተዉኝ እትዬ!» አለ በንዴት፣ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ እየዘረገፈ። «የእርስዎን ይውሰዱ፤ የቀረውንም የማን የማን እንደሆነ ያፋልጉኝ። ሃያ ዓመት ጥፊ ስጠብቅ በምርቃት ጣለኝ!»