ሙሽራው የሌለበት ሰርግ

ይርዳው ሰቆጣ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። አሁን የሚጠራው የለም፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ይቀርጻል። በጦርነቱ ጊዜ ካሜራውና ኮምፒውተሩ ተዘረፉ፤ ሚስቱ ደብሬም ልጃቸውን ይዛ ወልዲያ እህቷ ዘንድ ሄደች። ሲረጋጋ ትመለሳለች ተብሎ ነበር። ግን ልጅቷ እዚያው ትምህርት ቤት ገባች፣ ደብሬም ሥራ ያዘች፣ በስልክ የሚያወሩት ነገር እያጠረ ሄደ። ለይርዳው የተረፉለት እናቱ ቤት በማዳበሪያ ከረጢት ያስቀመጣቸው ትንንሽ የሰርግ ካሴቶች ብቻ ነበሩ።

ዛሬ የሚተዳደረው በእነሱ ነው። የሰርጉ ሲዲ የተጫረበት ወይም የጠፋበት ሰው ይመጣል፤ ይርዳው ካሴቱን ፈልጎ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጥና በስልክ እንዲከፈት አድርጎ በሚሞሪ ይሰጠዋል። ካሜራው ከአንድ ፎቶ ቤት ጓዳ የተገኘ፣ ሌንሱ የተሰነጠቀ ነው፤ መቅረጽ አይችልም፣ ካሴት ማጫወት ግን አያቅተውም። ላፕቶፑ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኤዲት የሚያደርግበት ፕሮግራም በነጻ የሚገኘው ነው፤ ትንሽ ከበድ ያለ ፋይል ሲሰጡት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በሃምሳኛው ደቂቃ መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ይርዳው በሩን ገርበብ አድርጎ የሰዉን ሰርግ ሁሉ ዳግመኛ ቁጭ ብሎ ያያል። ቪዲዮው ላይ ከዳሱ ውስጥ ሰዎች ይጠሩታል፦ «ይርዳው፣ ኧረ አስቀምጠውና ብላ!» ከጠሪዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። አንድ ቀን «በልቻለሁ፣ ይስጥልኝ» ብሎ ጮክ ብሎ መለሰና ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ። የሰማው ሰው አልነበረም።

ባለፈው ኅዳር ምስራቅ የምትባል አንዲት ጨርቅ ሻጭ መጣች። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት የዳራት እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰርጓን ከጥሎሽ እስከ መልስ ቀርጾታል።

«ጋሼ ይርዳው፣ የኔ ካሴት ተርፏል?»

«አለ።»

«እማዬን እፈልጋታለሁ። ከዚያ ቀን ሌላ ቪዲዮ የላትም።» እናቷ ወለተጊዮርጊስ በነሐሴ ነበር ያረፉት። ምስራቅ ጨመረች፦ «እሱ ግን እንዳይታይ። ቆርጠው ያውጡልኝ።»

እሱ ያለችው ባሏን ነው። ጥሏት ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

«ሙሽራን ከሰርግ እንዴት አወጣዋለሁ?»

«እርስዎ ያውቁበታል» ብላ ሄደች።

ይርዳው አራት ቀን ታገለ። ሙሽራው የሌለበትን ቦታ ሁሉ ለቅሞ ቀጣጠለው፤ እናትየው ግን እንግዳ ሲያስተናግዱ በጨረፍታ ከማለፍ በቀር አይገኙም። በደንብ የሚታዩት በስንብቱ ሰዓት፣ ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ሲስሙ ብቻ ነው። ምስሉን ወደ እሳቸው ፊት አስጠግቶ ሙሽራውን ከጠርዝ ውጭ ሊያስቀረው ሞከረ። ፊታቸው ደበዘዘ፤ የሙሽራውም ትከሻ አልወጣ አለ።

ያኔ ነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየው። በድሮው ሲዲ ላይ እዚህ ቦታ ዘፈን ነበር፤ ራሱ ይርዳው ነው የጫነበት። ዋናው ካሴት ላይ ግን ዘፈን የለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። ወለተጊዮርጊስ ወደ ሙሽራው ጎንበስ ብለው እንዲህ ይላሉ፦ «አደራህን ልጄ፣ ጨለማ ትፈራለች። አፍራ አትነግርህም እንጂ ትፈራለች። ብቻዋን አታሳድራት።»

ምስራቅ በቀጠሮዋ ስትመጣ ያንኑ አሰማት። ሁለት ጊዜ ሰማችው።

«ይህን ስትል እኮ አልሰማሁም ነበር።»

«ማንም አልሰማም። ዘፈን የጫንኩበት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስንብት ላይ ዘፈን ይጫን ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚፈልገው።»

ምስራቅ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «አሁንም እፈራለሁ» አለች።

ይርዳው ሊላት የፈለገው ነገር ነበር። እሱም ቤቱ ጭር እንዳይልበት ሬዲዮ ሳይዘጋ እንደሚተኛ ሊነግራት ፈልጎ ነበር። አፉ ላይ አልመጣለትም። «እንግዲህ ሙሽራውን ላውጣው?» አላት።

«ይተዉት» አለች። «እሱ ከሌለ እማዬ ብቻዋን የምታወራ ትመስላለች።»

በስልኳ መከፈቱን አይታ ተነሳች። ሻይ ልጋብዝሽ አላት፤ ሱቁን ለሰው አደራ ሰጥታ ስለመጣች አመስግናው ሄደች።

ማምሻውን ይርዳው ወልዲያ ደወለ።

«ልጅቷ ጨለማ ትፈራለች?» አላት ደብሬን።

«ድሮ ትፈራ ነበር። አሁን እኮ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ምነው?»

«ምንም። እንዲያው ነው።»

መፍራቷን አያውቅም ነበር፤ መተዋንም አላየም። ደብሬ ወጥ ጥጃለሁ ብላ ተሰናበተችው።

የምስራቅን ፋይል ለራሱ ማስቀረት ፈልጎ ሳምንት ያህል አቆየው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንድ የጋዝጊብላ ወረዳ ሰው የወንድሙን ሰርግ ፈልጎ መጣ፤ ሁለት ሙሉ ካሴት ነበር። ላፕቶፑ ላይ ቦታ አልበቃ አለ። ይርዳው የምስራቅን ፋይል አጠፋና የሰውየውን የመጀመሪያ ካሴት ካሜራው ውስጥ ከተተ።