የሰይድ ድርሻ

ባለፈው ሳምንት ልጆቼ የተቀቀለ በቆሎ በልተው ቆረቆንዳውን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ። ልጥለው አነሳሁትና እጄ እንቢ አለ። የምኖረው ሪያድ ነው፤ ዝናብ ብርቅ በሆነበት፣ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ግን ውሃ በሚንፎለፎልበት ከተማ። ያ ቆረቆንዳ በጣሳ በተለካ ውሃ ወደምንታጠብበት ዘመን ይዞኝ ሄደ።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤተሰባችን በየዓመቱ ለዝያራ፣ የአንድ ሼህ መቃብር ሊጎበኝ፣ ወደ ቆላ ይወርድ ነበር። የደሴን ጉም ሰኞ ገበያ ላይ ትተን በአውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ጆሯችን ይደፈናል፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራባችንን እናወልቃለን። ከሐርቡ በኋላ መንገዱ በእግር ነው። ቀበሌው የሰው መሰብሰብ ስለማይወድ፣ ለጠየቀን ሁሉ «ሰርግ ነው» እንላለን። አጎቴ ይመር አህያዋን ጀሪካን ጭኖ ከፊት ይመራል፤ እኛ ልጆች ምንጣፉን ተሸክመን ከኋላ እንከተላለን። ከሼሁ መቃብር ማዶ ግራሮቹ ሥር ሸራ ወጥረን ጥቂት ቀን እንሰፍራለን። የደረቀ ሣር፣ የአህያ ላብና የሳሙና ሽታ እስከ ዛሬ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ይመጣብኛል።

ሐሙስ ማታ ሳይታጠቡ ወደ መቃብሩ ግቢ መግባት ነውር ነበር። ውሃው ደግሞ በአህያ ጀርባ የመጣው ብቻ ነው። ስለዚህ የወተት ዱቄት ጣሳ ቂጡ ይበሳና በተጠረበ ቆረቆንዳ ይወተፋል፤ ከዚያ በጋቢ በተጋረደ ግራር ላይ ይንጠለጠላል። ውታፉን ነቅሎ መራስ፣ ቶሎ ወትፎ ሳሙና መምታት፣ እንደገና ነቅሎ መለቅለቅ። ለአንድ ሰው አንድ ጣሳ ነው። ከራስ የሚወርደው ውሃ ለእግርም እንዲደርስ ቀጥ ብሎ መቆም ግድ ነበር፤ ቁጢጥ ማለት ክልክል ነው። እኔ ስቆይ አጎቴ ከውጭ ይጮህብኛል፦ «አንቺ መርየም! ዓሣ ነሽ እንዴ? ውጪልን እንጂ!»

ከሁላችን የሚያስቀን የአክስቴ የዘሐራ አንድያ ልጅ ሰይድ ነበር። ሲታጠብ ውታፉን በጥርሱ ነክሶ ያንጎራጉራል፤ ቃሉ ባይሰማም ዜማው ከጋቢው በላይ ይወጣል። ቆረቆንዳውን ሁልጊዜ ጥርሱ አትሞበት እናገኘው ነበር። አንድ ዓመት ግን ሰይድ አልነበረም። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አክስቴም የወረደችው ስለሱ ዱዓ ልታስደርግ ነው።

ያ ዓመት ከድርቁ ማግስት ስለነበር በቅርብ የምንቀዳበት ምንጭ ደርቆ ውሃው ከወትሮው አንሷል። ሐሙስ ከሰዓት ሁላችንም ተራ በተራ ታጠብን። አክስቴ ታጥባ ከወጣች በኋላ ጣሳውን እንደገና ሞላችው። አዲስ ቆረቆንዳ በቢላ ጠርባ ወተፈችው፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አያለሁ።

«ይኼ ደግሞ የማን ነው?» አለች እናቴ።

«የሰይድ።»

«አንቺ ሴት፣ ሕፃን በውሃ ጥም እየተነጫነጨ ለሌለ ሰው ውሃ ይሰቀላል?»

«የለም አትበይብኝ! ሩቅ ነው በይ። ሩቅ ያለ ሰው ድርሻ የለውም? ታጥበው ከገቡት ጋር ይቆጠርልኝ።»

አጎቴ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ተያት፣ ጥዋት አህያዋ ትጠጣዋለች» አላት።

መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ወንዶቹ ቀድመው ወደ ግቢው ገቡ። ሴቶችና ልጆች ሸራው አፍ ላይ ተቀምጠን ነጠላችንን ስናስተካክል ከጋቢው ውስጥ የውሃ ድምፅ ሰማን።

እናቴ እጇን በየራሳችን ላይ እያሳረፈች ቆጠረችን። የጎደለ ሰው የለም።

የሚታጠብ ሰው ድምፅ እናውቃለን። ውሃው ሲነካው «እህህ» ይላል፤ ገላውን ይመታል፤ ውሃው ከቁመቱ ወርዶ መሬቱን ይደበድባል። ይኼኛው ግን ትንፋሽ አልነበረውም። ጨርቅ ላይ ቀስ ተብሎ እንደሚፈስ ውሃ ከዝቅታ ነበር የሚሰማው። ፈሰሰና ቆመ። ፈሰሰና ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ፈሰሰ። ከጎኔ የተቀመጡት እማማ ሐዋ መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ። እማማ ሐዋ በሰፈራችን ሴት ስትሞት ሬሳዋን ሦስት ጊዜ የሚያጥቡ አሮጊት ነበሩ።

አክስቴ «ቢስሚላህ» ብላ ተነሳች። ፋኖሱ እኔ ጋ ስለነበር ተከተልኳት፤ እማማ ሐዋም ከኋላችን መጡ።

ጋቢውን ስንገልጠው ማንም የለም። ነፋስ አልነበረም፤ ጣሳው ግን በቀስታ ይወዛወዝ ነበር፤ ባዶውን። ውታፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አክስቴ አንስታ ወደ ፋኖሱ አስጠጋችው።

«ነክሶታል! መርየም፣ እይልኝ፣ የሱ ጥርስ ነው! ራሱን የሚያጥብ ሕያው ነው፤ ወላሂ ልጄ ሕያው ነው!»

እውነትም ተነክሷል። ቆረቆንዳውን ሳመችና ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

እማማ ሐዋ ቆረቆንዳውን አላዩትም። ፋኖሱን የያዘውን እጄን ይዘው ወደ መሬቱ ዝቅ አደረጉት። ከጣሳው ሥር የምንተወው እርጥብ ሁልጊዜ እንደ ሰፌድ ክብ ነበር። ይኼኛው ግን ጠበብ ብሎ ረዝሟል፤ የአንድ ሰው ቁመት ያህላል። አሮጊቷ ጫማቸውን አወለቁ። ለሞተ ሰው የሚባለውን «ኢና ሊላሂ…» ሲጀምሩ ሰማኋቸው፤ አክስቴ ዞር ስትል ዋጡት።

«አብሽሪ ዘሐራ» አሏት ጮክ ብለው። «አላህ ይጠብቅልሽ።»

ስንመለስ እጄን ጨብጠው ያዙኝ። «መርየሜ፣ የረዘመው መሬቱ ዘቅዘቅ ስለሚል ነው። ሰምተሻል? ዘቅዘቅ ስለሚል ነው።»

አጎቴ ወሬውን ሲሰማ «አይጥ ነው የነከሰው» ብሎ ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም። እኔ ጥዋት ማንም ሳያየኝ ሄጄ መሬቱን አየሁት። ለጥ ያለ ሜዳ ነበር።

ደርግ ሲወድቅ የተበተኑት ወታደሮች እግራቸው ቆስሎ፣ ልብሳቸው ተቀዳዶ በከተማችን አለፉ። አክስቴ ፒያሳ መንገድ ዳር ቆማ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ሰይድ አልነበረባቸውም። ሞተ የሚል መርዶም አልመጣም። ሐዘን አልተቀመጠችም፤ ሐሙስ ሐሙስ ጣሳውን ሞልታ ደሴ ግቢዋ ውስጥ ትሰቅላለች፤ በሳምንቱ ለጤና አዳሟ አፍስሳ በአዲስ ትተካዋለች። በልታ ጠጥታ፣ ከሰው ጋር ስቃ እንድትኖር ያደረጋት ያ ጣሳ ነበር። እማማ ሐዋ ያዩትን ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ፤ እኔንም የጠየቀኝ የለም።

አክስቴ ያለፈችው ዓምና ነው። ለቀብሯ አልደረስኩም። ለእናቴ ደወልኩላት።

«ቧንቧው ከጠፋ ሰንብቷል» አለችኝ። «ጎረቤት ያዋጣው ውሃ ለሁለት እጥበት በቃ። ለሦስተኛው አጠረን። ምን ላድርግ ልጄ፣ የሰይድን ድርሻ አወረድኩላት።»

«በቃ?»

«እስከ እግሯ ጣት በቃ። ተረፈም።»

ጣሳውስ የት ገባ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሰቅዬዋለሁ።»

«ለሰይድ?»

«ላንቺ ነው» አለችኝ። «ሩቅ ያለ ሰው ድርሻ የለውም?»

ያኔ ውሃው ትንሽ ነበር፤ ከትንሹም ላይ ለሩቅ ሰው ይቀነስ ነበር። ዛሬ የእኔ ልጆች ቧንቧውን ከፍተው ይዘፍናሉ፤ ማንም ከውጭ «ውጡልን» አይላቸውም። እኔ ግን እስካሁን ሳሙና ስመታ ቧንቧውን እዘጋለሁ፤ ቀጥ ብዬም እቆማለሁ። ያን ቆረቆንዳ ጠርቤ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ አኑሬዋለሁ። ሐሙስ ማታ ስታጠብ፣ ውሃው ገና እንደነካኝ፣ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጣ ጆሮዋን ለምትሰጥ እናቴ እንዲሰማት ያህል ጮክ ብዬ «እህህ» እላለሁ።