የሆድ ሐኪሟ ደብተር

ያለምወርቅን «የሆድ ሐኪም» ያልናት እኛ ነን፤ ጣጣውም የተጀመረው ከዚያ ነው። ጎንደር ሥነ ልቦና ተምራ፣ ሃያ ዓመት ሰው ስታማክር ኖራ፣ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው ድንበር የተሻገረች ሴት ናት። ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወዲህ ያለው ካምፓችን ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት ራኩባ፣ ማለት የሣር ዳስ፣ ሠርቶ ሰው እንድታማክር አስቀመጣት። ሰው የሆዱን የሚነግራት ሐኪም የሆድ እንጂ የምን ትሆናለች?

የካምፓችን ልጅ ኣኽሊሉ ያወጣንላትን ስም አምኖ መጣ። ቁርጠት እንደያዘው ከራኩባዋ ጥላ ሥር ተቀመጠና እግረ መንገዱን የሆዱንም ተነፈሰ። በሦስተኛው ቀን ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ገዳሪፍ መስተሽፋ ወስደው ሐኪሞች ሆዱን ቀደዱት።

ታላቅ ወንድሙ ካላዩ ዱላውን ይዞ ደጃፏ ላይ ቆመ። ወንድሜን በወሬ ይዘሽ ልትገድይው ነበር አላት። እኛም፣ እንዳጋጣሚ፣ ሁላችንም በዚያ በኩል ውሃ ልንቀዳ ወጥተን ነበር።

የድርጅቱ ሙዲር፣ ኃላፊው፣ መጣ። ለአማካሪዎች የሙያ መድን ተገብቷል፤ ግን መድኑ የሚቆምላት የዚያን ቀን ማስታወሻዋን ሙሉ ገጹን ካሳየች ነው። ግማሹን ሸፍና ብታሳይ አይቀበሉም። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት እንቢ ካለች ውሏ ይቋረጣል፤ ለጡረታዋ የሚቀመጥላትም ይቀራል። «ክሊኒክ ሂድ ብዬዋለሁ» የሚለው እዚያው ገጽ ላይ እንዳለ አልደበቀችም። የልጁ ምስጢርም እዚያው ነው።

«ያ ኡስታዛ፣ ክፈቺውና ይለቅልሽ» አላት ሙዲሩ፣ በዐረብኛ አክብሮ እየጠራት።

ደብተሩን ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት።

«የልጁን ሆድ አንዴ ቀደዱት፤ ይበቃዋል። ይኼን ራሱ ይክፈት።»

ካላዩ ዱላውን አነሣ። ጀሪካን የያዘው ሁሉ አንድ እርምጃ ሸሸ። እሷ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም፤ ሄደህ ወንድምህን ጠይቀው፣ ክፈቺ ካለ እከፍታለሁ አለችው።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ካላዩ ያለ ዱላ ተመለሰ። መሬት መሬት እያየ፣ ወንድሙ መርፌ ፈርቶ ክሊኒክ ሳይሄድ እንደቀረ፣ እሷ ግን ሂድ ብላው እንደነበር ተናገረ። ገጹ ግን ይከፈት ወይ ሲለው ልጁ ከአልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮበታል። ካላዩ ለምስክርነት ልፈርም አለ። ሙዲሩ ለመድኖቹ ደወለ፤ ገጹን እንጂ ፊርማ አንፈልግም አሉት። ስድስት ሰዓት ሆነ። ውሉም አለቀ።

ራኩባውን ግን ማንም አላፈረሰውም፤ እሷም ከሥሩ አልተነሣችም። በሳምንቱ ካላዩ ሆዱን ይዞ መጣ።

«ክሊኒክ ሄደሃል?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ማኅተም ያለበት ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «ያኛው ሆድህ ደህና ነው ብለውኛል፣ እትዬ።»

ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከተተችና መጋረጃውን ሳበችው። እኛም ውሃ ሳንቀዳ ተመለስን።